እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ለዛ ሊስትሮ

የሆነውን ሰምታችኋል፣ አልደግመውም። ዓይነ ስውር ነኝ፣ መንገድ ላይ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ወደቅኩ። እግር፣ ሆስፒታል፣ ጀሶ። አሁን ተነስቻለሁ። ትንሽ አነክሳለሁ እንጂ ነጭ በትሬን ይዤ ከቤት ወጥቻለሁ። ተመስገን።

ከማን ልጀምር ብዬ አልተጨነቅኩም። እዛ አካባቢ ጫማ የሚጠርግ ወጣት አለ። «ስሜን እንዳትጽፊ» ብሎኛል፣ አልጽፍም። ሰው ዙሪያውን ከቦ «እኔን! እኔን!» ሲል ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ያወጣኝ እሱ ነው። «እህቴ፣ እግርሽን እንዳታንቀሳቅሺ፣ አንገቴን ያዢ» አለኝ። ላዳ ያስቆመውም፣ ሆስፒታል ደርሰን እናቴ እስክትመጣ ከጎኔ ያልተነቃነቀውም እሱ ነው። የዛን ቀን ገበያውን ጥሎ ነው። ሊስትሮ ደግሞ ካልሠራ አይበላም።

ቦርሳዬ ተከፍቶ የብሬል ወረቀቶቼ ጭቃው ላይ ተበትነው ነበር። ለነጭ በትር ቀን፣ ለጥቅምት 5፣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነው። በስሌትና ስታይለስ፣ ማለትም በብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ፣ ነጥብ በነጥብ የወጋሁት። የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ፣ እናንተ ዓይናማዎች በአንድ ገጽ የምትጨርሱት እኛ ጋ ቁልል ይሆናል። ልጁ ያንን ቁልል አንድ በአንድ ለቅሞ ቤቱ ወሰደው። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጎ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ እንዳይጨማደድ ፍራሹ ስር አስተኝቶ አመጣልኝ።

ጣቴን ባሳልፍ ባሳልፍ ምንም የለም። ልስልስ ያለ ወረቀት! ፍራሹ ነጥቦቹን ደፍጥጧቸዋል። ሳቄ አመለጠኝ፣ እግሬን እያመመኝ ሳቅኩ። እሱ ግራ ገብቶት «ምነው፣ አልጸዳም እንዴ?» ይላል። ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «በቃ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለ።

ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ሆዴ ይባባል።

ስልኬ ተሰብሮ ስለነበር ከሆስፒታል አልጋ የወጡት ጽሑፎቼ በሙሉ በእሱ እጅ፣ ደብተር ላይ ነው የተጻፉት። ማታ ማታ ሳጥኑን ተሸክሞ ይመጣል። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ መልሶ ያነብልኛል። ዝም ብሎም አይጽፍም፣ ይሟገተኛል። የጉድጓዱ ክዳን ብረት ስለሆነ ሲመሽ ነቅለው ለቆራሌው እንደሚሸጡት የነገረኝ እሱ ነው። «የሠራውን ብቻ አትውቀሺ፣ የሚገዛውንም ጻፊ» አለኝ። ብዙዎቻችሁ ያጋራችሁት ስለ ጉድጓድ ክዳን የጻፍኩት ጽሑፍ ሐሳቡ የእሱ ነው፣ እወቁልኝ።

ሐኪሞቹ፣ ነርሶቹ፣ የሰፈር እድርተኞች፣ ገንፎና ሾርባ ያመላለሳችሁ ጎረቤቶች፣ ከዋሽንግተንም ከሪያድም የደወላችሁ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወጌሻ ካልተጠራ ብላ ከሐኪም የተጣላችውን አክስቴንም ጨምሮ። እናቴን በጽሑፍ አላመሰግናትም፣ አይሆንልኝም።

የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ውስጥ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ጥቅምት 5 እኔ በሌለሁበት ወንበሬን ባዶ ስላላደረጋችሁት አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘችው የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር ሴት የሕግ ባለሙያም ተሟጋችም መሆን እንደምትችል አሳይታናለች። እሷ ባትኖር ኖሮ እኔ መድረክ ላይ መውጣትን አላስበውም ነበር። ኅዳር 24፣ በአካል ጉዳተኞች ቀን፣ በክራንች ወጥቼ ያለ ወረቀት ተናገርኩ። ከወረቀቱ ይሻላል ያላችሁኝ አላችሁ። ፍራሹን አመስግኑት።

«ከእንግዲህስ አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ» ያላችሁኝም አላችሁ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሺ አልልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 624፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች አዟል። ጥሩ። በሩ ጋ እስክደርስስ? አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 9 መንገድንም ይጠራል። በኮሪደር ልማቱ ዋና ዋናው መንገድ ላይ የእግረኛው ቦታ ሰፍቷል፣ አልክድም። ወደ ውስጥ፣ ወደ ሰፈር ስትታጠፉ ግን ያው ነው። እኔ የምኖረው ውስጥ ነው።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ደም ለመስጠት ተሰልፋችሁ «አያስፈልግም» ተብላችሁ የተመለሳችሁ፣ ድምፃችሁን እንጂ ስማችሁን የማላውቅ፣ የሆስፒታሉን ደረጃ ይዛችሁ ያወረዳችሁኝ። እንዳትቀየሙኝ። ስታገኙኝ «እኔ ነበርኩ» በሉኝ፣ ድምፅ አልረሳም።

ጉድጓዱ አሁን ተከድኗል፣ በሲሚንቶ። ቆራሌው አይገዛውም። ወረድ ብሎ ያለው ግን ገና ክፍት ነው። ልጁ ጎማ ጣል አድርጎበት ቅጠል ሰክቶበታል፣ በትሬ ጎማውን ሲነካ አውቃለሁ። ክዳኑን አሠርተን እንስጥ ያላችሁኝ ልጆች በዚህ ሳምንት እንገናኝ። ሊስትሮው የት ነው የሚሠራው ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝም ነግሬያችኋለሁ። ሂዱና ጫማችሁን አስጠርጉ። መልስ ግን አትቀበሉት።