ኖራ እንፈልጋለን፤ ሲሚንቶው ይቅርብን

ለደብረ ማርቆስ ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ የጎጃም ወዳጆች፦

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ እንግዳ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳውን በልቶ ያልፋል። ደብረ ማርቆስ፣ በጥንት ስሟ መንቆረር፣ ግን የምሳ ማረፊያ ብቻ አይደለችም። በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ በኋላ መናገሻቸው ይህች ከተማ ነበረች። ቤተ መንግሥታቸው በልጃቸው በራስ ኃይሉ ዘመን በአውሮፓ ቤት አምሳል ታድሷል። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ፣ አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት ያረፉት እዚሁ ነው። ግማሽ ቀን ሰጥቶ ለሚያይ ሰው የሚታይ አለ። የሚያስፈልገን የጥንት ግንብ መጠገን የሚችል እጅና ለዚያ የሚሆን ኖራ ነው።

የምንጠይቃችሁ ድጋፍ የተቃጠለ ኖራ ውሃ ጠጥቶ ሊጥ ሆኖ ለሚቆይበት አንድ የጋራ የኖራ ጉድጓድና ለወጣት ግንበኞች ሥልጠና ነው።

ቅርስ ይጠገን በተባለ ቁጥር ቅን ሰዎች ሲሚንቶ ሊሰጡ ይነሣሉ። እናመሰግናለን፤ ግን አንቀበልም። ሲሚንቶ ከጥንቱ መጋጠሚያ እጅግ ይጠነክራል፣ እርጥበትም በደንብ አያሳልፍም። ከጣሪያ ወይም ከመሠረት የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፣ ጨው ይከማቻል፣ የድንጋዩ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ሲሚንቶው ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ የሚያልቀው ድንጋዩ ነው። ኖራ ውሃውን ያስተነፍሳል፤ ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስም ድንጋዩን ትቶ እሱ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በቀላሉ ይሞላል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአፄ ሱስንዮስ ዘመኑ የአላታ ድልድይ በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ወደ 400 ዓመት ኖሯል።

ጉድጓዱ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ይሆናል፤ ዙሪያው በድንጋይ ይካባል። 20 ኩንታል የተቃጠለ ኖራ እና 6,000 ሊትር ገደማ ውሃ፣ ማለትም 30 በርሜል፣ ያስፈልጋል። ከዚህ 4 ሜትር ኩብ አካባቢ የኖራ ሊጥ ይገኛል። ውሃው ቀድሞ ይገባል፤ ኖራው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። በኖራ ክምር ላይ ውሃ የደፋ ሰው ግን ዓይኑን ሊያጣ ይችላል፤ ኖራው ፈልቶ ይረጫልና። ስለዚህ የዓይን መከላከያ መነጽርና የጎማ ጓንት ከአካፋውና ከወንፊቱ በፊት ይቀድማሉ።

ሊጡ ቢያንስ 3 ወር ውሃ ለብሶ ይቆያል። ውሃ በደንብ ሳይጠጣ የቀረ የኖራ ጓል ልስን ውስጥ ከገባ በኋላ ይፈነዳልና መቸኮል አያዋጣም። ድብልቁ 1 እጅ ሊጥ፣ 3 እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ ነው። አፈር ያለበት አሸዋ ይሰነጥቀዋል፤ ውሃ ያበዛ ግንበኛም እንዲሁ። ከተገነባ በኋላ ቢያንስ ለሳምንት በረጠበ የቃጫ ጆንያ ይሸፈናል፤ የደጋው ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ፕላስቲክ ጆንያ ውሃ ስለማይዝ አይጠቅመንም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ለአሲዳማ መሬት የሚበተነው የግብርና ኖራ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ግንብ አይይዝም። ለማሳችሁ ይቆይላችሁ።

ቁፋሮው ክረምቱ ሲወጣ በጥቅምት፣ ኖራውን ውሃ ማጠጣት በኅዳር ነው። ሊጡ በየካቲት ይደርሳል፤ ግንበኞቹ እስከ ሚያዝያ ከሠሩ ከሰኔው ዝናብ በፊት ለመጠንከር ጊዜ ያገኛል። ኅዳር ካለፈን ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት እንጂ ማጣደፍ የለም። ሠልጣኞቹ መጀመሪያ የሚሠሩት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሙከራ ግድግዳ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን መጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ያለ ፈቃድ የቤተ መንግሥቱን አንዲት ድንጋይ አንነካም።

ገንዘብ የምትሰጡ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ወጪ የሚደረገው በ3 ሰው ፊርማ ብቻ ነው፣ ሒሳቡም በየወሩ በሰሌዳ ይለጠፋል። ገንዘብ የሌለው በቁፋሮው ቀን ለደቦ ይምጣ፤ ዶማ ያለው ዶማውን፣ አህያ ያለው ለውሃው አህያውን ይዞ። የተቃጠለ ኖራ የምትለግሱ ግን ከማምጣታችሁ በፊት ቀኑን ጠይቁን፤ አየር እያገኘው የሰነበተ ኖራ ኃይሉን ስለሚያጣ ከምድጃው በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አፉ በደንብ በታሰረ ከረጢት መድረስ አለበት።