ያ ነጭ ውሻ እኮ ስራ ላይ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ባለፈው እትማችሁ መዝናኛ ገፅ ላይ ያወጣችሁትን የኮሞንዶር፣ የዛን ነጭ ባለ ድሬድ ትልቅ ውሻ ፎቶ አየሁት፣ ስሩ ላይ "የሚራመድ መወልወያ" ብላችሁ ፅፋችኋል፣ እሺ ያስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ሙሉ ገፅ ሰጥታችሁት ስለ ፀጉሩ ብቻ ስትቀልዱ ውሻው ምን እንደሚሰራ አንድ መስመር እንኳን ሳትፅፉ ማለፋችሁ አናደደኝ፣ ምክንያቱም ፀጉሩ እራሱ የስራ ልብሱ ነው።

ኮሞንዶር የሀንጋሪ ውሻ ነው። ስራው እዛ ሰፊው ሜዳ ላይ በግና ከብት ከተኩላና ከሌባ መጠበቅ ነው፣ መንዳት አይደለም፣ መጠበቅ። ስሙ በፅሁፍ የተገኘው በ1544 ነው ይባላል (ቁጥሮቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ብዙ ሰው ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሀንጋሪ ከገቡት ኩማኖች ከሚባሉ ዘላን ህዝቦች ጋር ነው የመጣው ይላል። ወንዱ ትከሻው ላይ ሲለካ ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል፣ ሴቷ ትንሽ ታንሳለች።

ወደ ፀጉሩ ልምጣ። ቡችላው ሲወለድ እንደዛ አይደለም፣ ነጭ ለስላሳ ጥቅልል ፀጉር ብቻ ነው ያለው። እያደገ ሲሄድ ከላይ ሻካራ ከስር ደግሞ ለስላሳ ፀጉር ያወጣል፣ ከዛ ከስር የሚረግፈው መሬት መውደቁን ትቶ ከላይኛው ጋር ይጠላለፍና በቃ ድሬድ ይሆናል፣ ማንም ቁጭ ብሎ አልጎነጎነውም። የባለቤቱ ስራ ሁሉም ተጣብቆ አንድ ቁራጭ እንዳይሆን ከስሩ በእጁ እየለያየ መሰንጠቅ ነው፣ ማበጠሪያ የሚባል ነገር አይነካውም። ወገቡ አካባቢ ጉንጉኑ ከ20 እስከ 27 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ እና ተኩላ ዘሎ ሲነክሰው አፉ ውስጥ የሚገባው ፀጉር ነው፣ ቆዳው ጋ ለመድረስ ይቸገራል። ብርዱንም ዝናቡንም ይከላከልለታል። ነጭነቱም ዝም ብሎ አይደለም፣ ራትስካ የሚባሉት የሀንጋሪ በጎች እራሳቸው ረጅም ፀጉር ስላላቸው መሀላቸው ሲተኛ የቱ በግ የቱ ውሻ እንደሆነ ከሩቅ ግራ ያጋባል።

እኔን ከፀጉሩም በላይ የሚገርመኝ አሰራሩ ነው። ገና ቡችላ እያለ ከበጎቹ ጋር ያድጋል፣ መንጋው ለሱ ቤተሰቡ ነው። ቀን ቀን ሲያዩት ተጋድሞ ነው የሚውለው፣ ሰነፍ ይመስላል፣ ሲመሽ ግን ዙሪያውን ይዞራል፣ ይጮሃል፣ የማያውቀው ነገር ሲጠጋ መሀል ይገባል። እረኛው ተኝቷል እኮ፣ ማን ያዘዋል? እራሱ አይቶ እራሱ ነው የሚወስነው። ኢንተርኔት ላይ "ግትር ነው፣ ትእዛዝ አይሰማም" ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ሳይ የሚገርመኝ ለዚህ ነው፣ ለስንት ትውልድ የተመረጠው እኮ ሳይጠይቅ እንዲሰራ ነው።

ይሄው ጠባዩ ግን ሊያጠፋው ነበር። በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ሀንጋሪ ውስጥ ወታደር ወደ እርሻና ወደ ግቢ ሲገባ ኮሞንዶሩ አላስገባም ይላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚገደለው እሱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የቀሩት በጣም ጥቂት ነበሩ፣ አርቢዎቹ ከነሱ ተነስተው ነው ዝርያውን መልሰው ያቆሙት። አሁንም ብርቅ ነው፣ በ2004 የሀንጋሪ ፓርላማ ከሌሎቹ የሀገሩ የቤት እንስሳት ዝርያዎች ጋር እንዲጠበቅ ወስኖለታል።

ደግሞ የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1972 አሜሪካ በፌዴራል መንግስቱ መሬት ላይ አውሬ በመርዝ መግደል ሲከለከል በግ አርቢዎቹ ኮዮቴን፣ በግ የሚበላውን የተኩላ ዘመድ፣ በምን እንከላከል ብለው ተጨነቁ፣ ያኔ ተመራማሪዎች በጠባቂ ውሻ መሞከር ሲጀምሩ ቀድመው ከሞከሯቸው አንዱ ኮሞንዶር ነው፣ የሚበላው በግም ቀንሷል።

ሌላው ያሳሰበኝ ፎቶውን አይቶ "ይሄን ውሻ ልግዛ" የሚል ሰው ነው። ይህን ውሻ ማጠብ የግማሽ ቀን ስራ ነው፣ መድረቅ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፣ በደንብ ሳይደርቅ ከቀረ ይሸታል። ጠባዩም አፓርታማ ውስጥ አይጠፋም፣ በግ ከሌለው ልጆቹን ይጠብቃል፣ ግቢውን ይጠብቃል፣ የቤቱ ሰው የጋበዘውን እንግዳ እንኳን በራሱ መዝኖ ነው የሚያሳልፈው። ከትንሽነቱ ከሰው ጋር ካላለማመዱት 60 ኪሎ የሚመዝን የራሱ ሀሳብ ያለው ጠባቂ ይዞ መቸገር ነው። ከልቡ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ያደገ ኮሞንዶር ያለው ሰው ቤት ሄዶ ይይ፣ ቡችላ አይቶ አይወስን።

በመጨረሻ አንድ እርማት። እዛው ገፅ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ጥቁር ውሻ "የኮሞንዶር ቡችላ" ብላችኋታል፣ እሷ ፑሊ ነች። ፑሊም የሀንጋሪ ነች፣ እሷም ድሬድ አላት፣ የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ያሳደገው ውሻ ፑሊ ነው፣ ግን ሌላ ዝርያ ነች፣ ስራዋም በግ መንዳት ነው። ኮሞንዶር ደግሞ ጥቁር የለውም፣ ነጭ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እትም አስተካክሉት።

ከአንባቢያችሁ