የሰው እጅ ያረፈባት ሞተር

ይድረስ ለምወድህና ለናፈቅኸኝ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ደኅንነትህን መጠየቄ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። አባባ ሲያርፉ አልመጣሁም። መምጣት ባልችል እንኳ መደወል ነበረብኝ፤ አልደወልኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ምን ልበለው ብዬ ዘገየሁ፣ በወሩ ስለዘገየሁ አፈርኩ፣ ከዚያ ወዲያ ስምህን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ኀፍረቱ እየጨመረ ሄደ። ይቅር በለኝ። ሰበብ የለኝም።

ብዕር ያስጨበጠኝን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ማታ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ከፊቴ የሞተር ሳይክሌ የሽቦ ጉንጉን ተዘርግፎ፣ አንዷን ልነቅል ስል የአባባ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ «ሳትጽፍበት አትንቀል»። ያንን አሮጌ ራዲዮ ሲከፍቱ አጠገባቸው ተኮልኩለን ስናይ ትዝ ይልሃል? እያንዳንዷ ሽቦ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው ቁጥር ሳይጽፉ አንድም ነገር አይነኩም ነበር። እጄን ሰብስቤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ፕላስተር አመጣሁ፣ የመጀመሪያዋ ሽቦ ላይ «1» ብዬ ጻፍኩ፣ ስጨርስ ላንተ እንደምጽፍልህም ለራሴ ቃል ገባሁ። ቁጥሩ 37 ላይ ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያገለገለች ሞተር ሳይክል ገዛሁ፤ ባለ 250 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያላት ሆንዳ። ሻጩ «ብዙ ነገር ተሻሽሎላታል» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ያንን ቃል ብሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው «የወለቀውስ ዕቃ የት አለ?» ብዬ ነው። የእሷ ደግነቱ በአንድ ከረጢት ተጠራቅሞ አብሮ መጣልኝ።

አራት ቀን ካቆምኳት አትነሣም ነበር። ባትሪው ነው ብዬ አዲስ ገዛሁ፣ እሱም ባዶ ሆነ። ያኔ ነው ቆም ብዬ መለካት የጀመርኩት። ቁልፉን ዘግቼ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ፣ ቴስተሩን በባትሪውና በሽቦው መካከል አስገባሁት፤ 80 ሚሊ አምፔር አሳየኝ። ባትሪው የሚይዘው 7 አምፔር ሰዓት ነው። ብታካፍለው 87 ሰዓት ገደማ ይመጣል፣ አራት ቀን አይሞላም። (አንተም ብትሞክረው ቴስተሩ በዚያ ሁኔታ እንዳለ ቁልፉን እንዳትከፍት፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።) የሚገርመው ዋናውን ፊውዝ ባወጣው ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የሚጠባው ነገር ከፊውዙ በፊት፣ በቀጥታ ከባትሪው ላይ ተቀጥሏል ማለት ነው። ሽቦውን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት፤ በነዳጅ ታንኩ ሥር አልፎ መቀመጫው ሥር ካለች ትንሽ ጥቁር ሣጥን ገባ። ድሮ የተገጠመ አላርም ነው። ጩኸቱ የሚወጣበት ተነቅሎ ተጥሏል፣ ሣጥኑ ግን ቀንና ሌሊት እየሠራ ነበር። ስነቅለው ቁጥሩ ከ1 ሚሊ አምፔር በታች ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው ያስቆጣኝ። ዋናው ፊውዝ 15 አምፔር መሆን ሲገባው 30 ተተክቶበታል። ተጨማሪ መብራት ሲገጠም 15ቱ እየተቃጠለ ስላስቸገረ መሆን አለበት። ግን ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለ15 በተሠራ ሽቦ ውስጥ 25 ሲያልፍ ባለ 30ው ፊውዝ ዝም ይላል፣ የሚግለው ሽቦው ይሆናል፤ ያ ሽቦ ደግሞ የሚያልፈው በታንኩ ሥር ነው። ሰው ይህን አድርጎ ሞተሯን ለሌላ ሰው እንዴት አሳልፎ ይሰጣል? እስካሁን አልበረደልኝም።

ቅጥያዎቹ በጣት ተጠማዘው በፕላስተር የተጠቀለሉ ናቸው። የፕላስተሩ ሙጫ በሙቀት ቀልጦ፣ ውስጡ ውኃ ገብቶ፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። በሆንዳ ላይ አረንጓዴ ሽቦ ኔጌቲቭ ነው፤ በያማሃ ጥቁሩ ነው፤ ቀለሙን ካወቅህ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። እዚህ ግን የጨመረው ሰው ለፖዘቲቩም ለኔጌቲቩም አንድ ዓይነት ጥቁር ሽቦ ነው የተጠቀመው፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ነበረብኝ። የማይጠቅመውን አወጣሁ፣ የሚቀረውን በስታኞ በይጄ ሲሞቅ የሚሸበሸበውን ፕላስቲክ አለበስኩት። ተጨማሪውን መብራት የራሱን ፊውዝና ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ሰጠሁት፣ ዋናው ፊውዝም ወደ 15 ተመለሰ። አሁን ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.7 ቮልት፣ ነዳጅ ሲሰጠው 14.2 ይላል። ያንን ቁጥር ያየሁ ማታ ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈልጌ አንተን ነው ያሰብኩት።

ፍሬቻዎቹ ወደ ኤልኢዲ ተቀይረው እንደ እብድ ይርገበገቡ ነበር፤ ለኤልኢዲ የሚሆን ሪሌይ ስገጥም ተስተካከለ።

ካርቡሬተሩ ግን ልብ አድርቋል። የአየር ማጣሪያው ሣጥን ወልቆ ክፍት ማጣሪያ ገብቷል፤ አየር በዛ ተብሎ ደግሞ ዋናው ጂግለር (ነዳጁ የሚያልፍባት ባለቀዳዳ ቡሎን) በትልቅ ተቀይሯል። ዋናው ጂግለር የሚያዝዘው የነዳጅ እጀታው ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ነው። ሚኒሞ ላይ (እጀታው ሳይነካ) እና እጀታው በትንሹ ሲከፈት የሚመግበው ሌላው፣ ትንሹ ጂግለር ነው፣ መካከሉን የሚይዘው መርፌው ነው። ስለዚህ ከታች ነዳጅ ያጥራት ነበር፣ የነዳጅ እጀታውን ስለቅ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይተኩሳል፤ ከላይ ደግሞ ነዳጅ በዝቶባት ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሶ ይወጣል። እኔ ካንዴላውን አይቼ ነዳጅ ቀነስኩ፣ ተኩሱን ሰምቼ ነዳጅ ጨመርኩ፤ ሁለት ሳምንት እንዲሁ ስዳክር አለፈ። በኋላ ከረጢቱን ከፈትኩ። የአየር ሣጥኑ አለ፣ የድሮው ጂግለርም በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ አለ። ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስኩ፣ በማርሚታው መግቢያ ላይ የሚተነፍሰውን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ቀየርኩ። ካንዴላው አሁን ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

የጎን ማቆሚያውን ስዊችም ቆርጠው አገናኝተውት ነበር። ማቆሚያው ተዘርግቶ ማርሽ ሲገባ ሞተሩን የሚያጠፋው እሱ ነው። ረስተህ ብትነዳና ወደ ግራ ብትታጠፍ ማቆሚያው መሬት ነክቶ ይጥልሃል። ይህንን ከሁሉ አስቀድሜ ነው የመለስኩት።

እንግዲህ ሁሉንም ላወልቅ ቆርጬ ሳለ የፊት ፍሬን ጋ ደረስኩ። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ በብረት ድር በተሸፈነ ተቀይሯል። ጥርጣሬ ይዤ ፈታሁት፤ በየመገጣጠሚያው ሁለት ሁለት አዲስ የመዳብ ዋሸር፣ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዞር የማይወጠር ልክ ርዝመት፣ የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ እንዳይፈገፍግ የታሰረበት ቦታም ታስቦበት። ፍሬኑ ሲያዝ ድንጋይ ነው። ያንን የሠራና ሽቦውን በፕላስተር የጠቀለለ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም። ከዚያ ወዲያ እሷን ሳያት ሁለት እጅ ይታየኛል፤ አንዱ ታጋሽ፣ ሌላው ችኩል። ጂግለሩን በላስቲክ ቋጥሮ ያስቀመጠልኝም ታጋሹ ይመስለኛል። ማንነቱን ባውቅ አመሰግነው ነበር። የፍሬኑን ቱቦ አልነካሁትም። ከ15 ወደ 14 ጥርስ የወረደውን፣ ሰንሰለቱን የሚጎትተውን የፊት ጥርስም ተውኩት፤ ኋላው ባለበት ስለሆነ በአንድ ፍጥነት ላይ ሞተሩ 7 በመቶ ገደማ አብዝቶ ይዞራል፣ ግን ሰው ከኋላ ስጭን አነሣሷ ያስደስተኛል።

አንዱን ግን ብቻዬን መወሰን አቃተኝ። ኋላዋን በረጅም ማያያዣ ብረት ዝቅ አድርገዋታል፣ ፊቷንም የሹካውን ዘንግ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ገፍተው። የጎን ማቆሚያው ግን አላጠረም፤ ስለዚህ ስትቆም ቀጥ ትላለች፣ ነፋስ የሚጥላት ይመስላል። የድሮው ማያያዣ ከረጢቱ ውስጥ አለ። ብመልሰው ፊቱንም አብሬ መመለስ አለብኝ፣ አለዚያ አመሏ ይቀየራል። በሌላ በኩል ሁለቱም እግሬ መሬት መርገጡን ለምጄዋለሁ። ያንተ የመጀመሪያዋ ሞተር እንዲሁ ዝቅ ያለች ነበረች፣ በኋላም ከፍ አድርገሃታል። ጉድጓድ ላይ ልዩነቱ ምን ያህል ነበር? ማቆሚያውን አሳጥሬ ልተዋት ወይስ ልመልሳት? እስክትጽፍልኝ ድረስ አልነካትም።

ለእማማ ይቅርታዬን አንተ አታድርስልኝ። ራሴ መጥቼ፣ ፊታቸው ቆሜ ነው የምጠይቃቸው።

ወንድምህ