ላባውን ያዘገየው አየር ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ፊዚክስን በግጥም ስለማስተማር ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብን። ገጣሚ ተጠይቋል፣ የትምህርት ባለሙያ ተጠይቋል፤ ፊዚክስ የሚያስተምር ግን አንድም ሰው የለበትም። «ደረቁን ትምህርት ግጥም አለሰለሰው» ተባለ። ይሁን፣ ደረቅ መባሉን ለምደነዋል። ያላለፈልን በትልቅ ፊደል ያተማችሁት ስንኝ ነው፦

ድንጋይ ቀደመ ሲገፋው ክብደት፣
ላባ ዘገየ ቢያንሰው ፍጥነት።

ዜማው ሸጋ ነው። ድንጋዩም ይቀድማል፣ አልካድንም። የተሳሳተው ምክንያቱ ነው። ላባው ቀላልና ሰፊ ስለሆነ የአየሩ ሰበቃ ወዲያው ክብደቱን ይስተካከለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱ አይጨምርም። አየር በሌለበት ግን እዚሁ ምድር ላይ የሁለቱም ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ያድጋል። «ክብደት»ና «ፍጥነት» በ«ት» ቤት ስለሚመቱ ተጋቡ፤ «አየር» ቤት ስለማይመታ ከግጥሙ ተባረረ። ተማሪው ድሮም ይዞት የሚመጣውን ስሕተት እናንተ ዜማ ጨመራችሁለት። እንግዲህ ማን ያስለቅቀው?

ግጥም ጠልተን አይደለም። ሮማዊው ባለቅኔ ሉክሬቲየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን፣ በባዶ ሕዋ ከባዱም ቀላሉም እኩል እንደሚወድቅ በግጥም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ 1.32 ኪሎ ግራም መዶሻና 0.03 ኪሎ ግራም ላባ አንድ ላይ ለቀቀ፤ እኩል አረፉ። ዘገባችሁ ከባለቅኔው ከ2000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል።

አሠራሩን ብትጠይቁን እንዲህ ነበር። ሙከራው ከግጥሙ ይቀድማል። ሁለት ኤ4 ወረቀት፣ እያንዳንዱ 5 ግራም ገደማ፣ አንዱ ተጨማዶ፣ ሌላው ተዘርግቶ ከ2 ሜትር ይለቀቃሉ። የተጨማደደው በ0.64 ሰከንድ አካባቢ ይደርሳል፤ ሌላው ይንሳፈፋል። ክብደታቸው እኩል ስለሆነ ስንኛችሁ እዚሁ ላይ ያበቃለታል። ቀጥሎ ወረቀቱን መጽሐፍ ላይ አስተኝቶ መጽሐፉን አግድም መልቀቅ ነው፤ አብረው ይወድቃሉ። ወረቀቱ ከመጽሐፉ ጠርዝ ከወጣ አየር ያነሣውና ሙከራው ይበላሻል። ተማሪው ያየውን መጀመሪያ በስድ ንባብ፣ ከነመለኪያው ይጻፍ። ሁለት ስንኝ ከዚያ በኋላ። ጓደኛው ደግሞ ሰሙ ከወርቁ የት ላይ እንደሚለያይ ያስምርበት። ቤት ያልመታ እውነት ነጥብ ያገኛል፤ ቤት የመታ ስሕተት አያገኝም።

ማረሚያ ካወጣችሁ በዚያው ትልቅ ፊደል ይሁን። ቤቱንም አልነካንባችሁም፦

ላባን ቢያቅፈው አየር በደረት፣
አየር ቢወጣ እኩል ነው ውድቀት።

የፊዚክስ መምህራን