ከመፈረማችን በፊት ውሉን የሚያነብልን ሰው ስጡን
ግልጽ ደብዳቤ ለደሴ ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ

ክቡር የመምሪያው ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ የዘፈን ግጥምና ዜማ የምሠራ ሰው ነኝ። ቢሮዎ መጥቼ ልነግርዎ ነበር፤ ጉዳዩ የብዙዎቻችን ስለሆነ ግን እዚህ ጻፍኩት።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሙዚቃ አሳታሚ ሥራዬን ወዶት ፒያሳ አንድ ካፌ ተገናኘን። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሦስት ገጽ ውል አውጥቶ በስልኩ ባትሪ እያበራልኝ "አብሽር፣ ለፎርማሊቲ ነው" አለኝ። ያነበብኩት የብሩን መስመር ብቻ ነው፣ 15 ሺህ ይላል። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ ከሰኞ ገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ዘፈኑ ተከፈተ፣ ሹፌሩም ድምፁን ጨምሮ አብሮ ይዘፍናል። የእኔ ነው ልለው ፈልጌ ተውኩት፤ ምን አሳይቼ ላሳምነው? ዩቲዩቡ ላይ ዘፋኙ አለ፣ አቀናባሪው አለ፣ ፀጉር የሠራችው ልጅ ሳትቀር ተጽፋለች፣ እኔ የለሁም። ቆይቶ ዜማው የሸቀጥ ማስታወቂያ ሆኖ መጣ። ስደውል "ውልህን አንብበው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለተኛው ገጽ "በማንኛውም መንገድ፣ አሁን ባለውም ወደፊት በሚመጣውም" ይላል።

ስሜ እንዲቀር የተስማማሁበት መስመር ግን የለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው ገንዘብ የሚያስገኘውን መብት ብሸጥ እንኳ ደራሲነቴ ከእኔ ጋር ይቀራል። ጥበቃውም ሳይመዘገብ፣ ሥራው እንደተፈጠረ ይጀምራል፤ ዕድሜዬን ሙሉ፣ ከሞትኩ በኋላም 50 ዓመት ይዘልቃል። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ለካ ያን ማታ የልጆቼንም ድርሻ ፈርሜበት ነበር።

በየበዓሉ መድረክ ወሎ የቅኝት አገር ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል የኛው አገር ስም ናቸው። የአገሩን ስም እንዲህ ካኮራን የደራሲው ስም ምን አደረገ?

የምጠይቅዎ በሳምንት አንድ ቀን ሕግ የሚያውቅ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጡልን ነው። ከመፈረማችን በፊት ውላችንን ያንብብ። ግጥሙ የተሰጠው ለአንድ ዘፋኝ ነው ወይስ ለፈለጉት ሁሉ? ለስንት ዓመት? ማስታወቂያ ላይ ሲውል ለብቻው ይከፈላል? ከዩቲዩብ ገቢ ስንት በመቶ ይደርሰናል፣ ሒሳቡንስ በየስንት ወሩ እናያለን? ስማችን የት ይጻፋል? እኛ እነዚህን መጠየቅ እናፍራለን፤ አሳታሚው ሐሳቡን ይለውጣል ብለን እንፈራለን። በሰው አማርኛ የተጻፈ የናሙና ውል በር ላይ ቢለጠፍማ እሰየው ነው። ደግሞም በ2007 የተሻሻለው አዋጅ ደራሲዎች ክፍያቸውን በጋራ የሚሰበስብላቸው ማኅበር እንዲኖር መንገድ ከፍቷል፤ ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አንድ ባለሙያ ጋብዘው ቢያስረዱን አዳራሹን እኛ እንሞላዋለን።

ነገሩ አጣዳፊ ነው። ቀን ፋብሪካ እየሠራ ማታ ግጥም የሚጽፍ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ትናንት በቴሌግራም ውል ልኮ "ልፈርም ወይ?" አለኝ። እስከ ዓርብ መልስ እንዲሰጥ ተነግሮታል። እኔም የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሁለተኛውን ገጽ ደግመህ አንብብ ብዬዋለሁ።

የእርስዎው አክባሪ፣
አንድ የደሴ ግጥምና ዜማ ደራሲ