ሐረጎን በማታ አትውረድ

ልጄ፣ ሰላም ነህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ትናንት አንድ ጎረቤት መንገድ ላይ አስቁሞ «ልጅህን ሐሙስ ማታ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አየሁት፣ ሦስት ሆነው በአንድ ሞተር ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ» አለኝ። ሄልሜት የሚባል ነገር የለም። ለእናትህ አልነገርኳትም፣ እንቅልፍ ታጣለች።

ሐረጎን በማታ በሞተር አትውረድ። መንገዱን ታውቀዋለህ። ጭጋጉ ሲለቅበት ዓይን አያሳይም፣ ኩርባው ላይ ደግሞ ከባድ መኪና ድንገት ፊትህ ድቅን ይላል።

ብቻህን ብትሆን እንደማታደርገው አውቃለሁ። ጋርድነርና ስታይንበርግ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ሰዎችን በኮምፒውተር መኪና እያስነዱ ፈትነው ነበር። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚደፍሩት በላይ ደፈሩ። ከ24 ዓመት በላይ የሆኑት ግን ጓደኛ ኖረ አልኖረ ያው ናቸው። አንተ ገና 16 ነህ። ስለዚህ ጎበዝ ነኝ አትበለኝ፣ ጎበዝ መሆንህን አውቃለሁ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ደሴ ድረስ መጥተህ ቤት ሳትገባ ተመለስክ፣ ይህንንም ከሰው አፍ ሰማሁ። አያትህም የአጎትህን መሄድ እንዲሁ ነው የሰማው። አባ ደግ ሰው ነበር፣ ሰኞ ገበያ ላይ ለማያውቀው ሰው ሳይቀር የሚያበድር፣ ግን የጫማው ድምፅ በር ላይ ሲሰማ ሬዲዮ ይዘጋል፣ እኛም ጸጥ እንላለን። «መምህር ትሆናለህ» አለኝ፣ ሆንኩ። አጎትህ ግን አስረኛ ክፍል እያለ ለማንም ሳይናገር በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ሄደ፣ አባ የልጁን መሄድ የሰማው ከጎረቤት ነው። አጎትህ ሲደውል እንኳ አባ «ደህና ነህ?» ብሎ ወዲያው ስልኩን ለእናቴ ያቀብላታል። እንደዚያው እንደተዘጋጉ አባ ሞተ። እኔም ልቤ ምን ይፈልግ እንደነበር አንድ ቀን ሳልነግረው ቀረ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ኮምቦልቻ አብራህ ያለችውን አክስትህን ሰላይ አላደርጋትም። ስታቲንና ኬር ስዊድን ውስጥ አጥንተው በ2000 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ወላጅ ስለ ልጁ የሚያውቀው በአብዛኛው ልጁ ራሱ ወዶ የነገረውን ነው። እኔም መምህር ሆኜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ንገረኝ። ትምህርቱ ከብዶህ ከሆነ ንገረኝ። እኔ ያሰብኩልህን ካልወደድከውም ንገረኝ። እቆጣ ይሆናል፣ ተቆጥቼም ቢሆን እሰማሃለሁ። አብሽር።

ሐረጎን ግን በማታ አትውረድ ብያለሁ!

ቅዳሜ በሚኒባስ ና፣ ፀሐይ ሳለች። እዚህ ብርዱ ከኮምቦልቻ ይብሳል፣ ጃኬትህን እንዳትረሳ። ለአክስትህ የዘይት ብር በቴሌብር ልኬያለሁ፣ ደርሷት እንደሆነ ጠይቃት። ሞተሩ የማን እንደሆነም ስትመጣ ትነግረኛለህ።

አባትህ