የፎቶግራፍ ክበብ፦ ማጥፊያ የሌለው ካሜራ

ጥቅምት ላይ አባላት ስንመዘግብ ብዙ ልጅ መጣ። ቲክቶክ የምናስተምር መስሏቸው ነበር መሰለኝ። በፊልም ካሜራ እንደምንሠራ ሲሰሙ ግማሾቹ በዚያው ወደ ሚኒ ሚዲያ ተሻገሩ። 14 ቀሩ።

ካሜራዎቻችን ዜኒት የሚባሉ ሁለት የሶቭየት ካሜራዎች ናቸው። አንዱ የእኔ ነው። ሌላው የአንድ ተማሪያችን አያት በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ነው። ሁለቱም ባትሪ የሚባል ነገር አያውቁም። ጥቁርና ነጭ ፊልሙን፣ ኤችፒ5 የሚባለውን፣ አሜሪካ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ላኩልን።

“በዚህ ዘመን ለምን ፊልም?” የሚል ጥያቄ ከወላጆችም ከባልደረቦቼም መጥቷል። ፎቶው ስለሚያምር አይደለም። ልጆቹ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ከእኔ ዜኒት የጠራ ፎቶ ያነሳል፤ ማታማ ጭራሽ አይወዳደሩም። እኔ ግን የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ ከሰጠኝ የት ጋ እንደሳተ አላይም፤ አሠራሩን አሳየኝ እላለሁ። በስልክ የሚያነሳ ልጅ ሃያ ያነሳና አሥራ ዘጠኙን አጥፍቶ አንዷን ያሳየኛል። ኔጋቲቭ ላይ፣ ማለትም ታጥቦ በወጣው ፊልም ላይ፣ ግን 36ቱም በተነሱበት ቅደም ተከተል ተሰልፈው ይቀመጣሉ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ የበሩን ጥበቃ አንስታ ነበር። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ተደብቃ። ቀጥሎ ቀረብ ብላ፣ ግን የባንዲራው ምሰሶ ከጭንቅላታቸው ላይ የበቀለ መስሏል። ሦስተኛው ላይ አይተዋት እየሳቁ ነው፤ እጃቸው ስለተንቀሳቀሰ ደብዝዟል። አራተኛው ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ልክ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው። እሷ የወደደችው አራተኛውን ነበር። ስልክ ቢሆን ሦስተኛውን እዚያው ታጠፋው ነበር። ኔጋቲቩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስንከራከር ሰነበትን። ለወላጆች ቀን የተሰቀለው ሦስተኛው ነው። ምርጫው የራሷ ነበር።

ፊልሙን የምናጥበው በስፖርት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። የበሩን ስንጥቅ በጋቢ እንደፍናለን። ልጆቹ ሲኒማ ላይ ያዩትን ቀይ መብራት ጠብቀው ነበር። ቀይ መብራት ለማተሚያ ወረቀት እንጂ ለዚህ ፊልም አይሆንም፤ ፊልሙ ቀይንም ያያል። ስለዚህ በድቅድቅ ጨለማ፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ጥቅሉን ብርሃን የማያስገባው ማጠቢያ ጣሳ ውስጥ መክተት ግድ ነው። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ መብራት ይበራል። ምስሉን የሚያወጣው ማጠቢያችን ዲ-76 የሚባል መድኃኒት ነው፤ በውሃ እኩል ለእኩል በጥብጠን በ20 ዲግሪ 11 ደቂቃ። ታኅሣሥ ጠዋት ላይ የቧንቧው ውሃ ከዚያ ስለሚቀዘቅዝ ሙቅ ውሃ ያለበት ቴርሞስ ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት እንሮጥ ነበር። ብርሃን ያገኘው የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ሲቀየር፣ ብርሃን ያላገኘውን ደግሞ ፊክሰር የሚባለው ሁለተኛው መድኃኒት አጥቦ ሲያወጣው፣ ይህን ያስረዱን የኬሚስትሪ መምህራችን ክፍል ውስጥ ከሚያስተምሩት በላይ የተደመጡ ይመስለኛል።

ማተሚያ መሣሪያ የለንም። ኔጋቲቩን ነጭ ብርሃን ላይ አድርገን በስልክ እናነሳና ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርገን እንገለብጠዋለን። አዎ፣ በስልክ። የሚስቅ ይሳቅ።

የዓመቱ አደጋ የደረሰው ጥር ላይ ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ “ፎቶው እንዴት እንደወጣ ልየው” ብሎ የካሜራውን ጀርባ ከፈተው። ሁሉም አለቀ ብለን ነበር። ሲታጠብ ግን ብርሃን ያቃጠለው ከላይ ያለውን ዙር ነው፤ ከሥር የተጠቀለሉት መጀመሪያ የተነሱት ተርፈዋል። ልጁ ከዚያ ወዲህ የካሜራው ዋና ጠባቂ ሆኗል፣ ማንንም አያስጠጋም።

መጋቢት ላይ ድሮ ፎቶ ቤት ይሠሩ የነበሩ አንድ አባት ጋብዘን ነበር። ትልልቅ የስቱዲዮ ኔጋቲቮች አምጥተው በሹል እርሳስ የፊት መጨማደድ እንዴት እንደሚያለሰልሱ አሳዩን። “አባባ፣ ፊልተር ነበራችሁ ማለት ነው!” አለ አንዱ። እሳቸውም ደስ አላቸው።

ሁሉም በእኔ ሐሳብ ተስማማ ማለት አይደለም። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ በስብሰባችን ላይ ፊልም ውድ እንደሆነ፣ በክፍሎች እግር ኳስ ውድድር ጊዜም አንድም ጎል እንዳልያዝንበት ተናገረች። ትክክል ናት። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር በስልክ ይነሳል፣ ኃላፊዋም እሷ ናት። ከዚያ ውጪ ያለው ግን በፊልም ይቀጥላል። ቢያንስ እኔ የክበቡ ተጠሪ እስከሆንኩ ድረስ።

መስከረም ላይ የሚያስፈልጉን ቴርሞሜትር፣ ኔጋቲቭ ማስቀመጫ ፕላስቲክና ሦስተኛ ካሜራ ናቸው። ቤታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አሮጌ ካሜራ ካለ አምጡልን። ውስጡ ፊልም ካለበት ግን እባካችሁ አትክፈቱት።